ታሪክን በሥራ ስለ ማስተማር

የታሪክ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥበት የኖረው ልማድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አስተማሪው የነገሥታቱን ስም፣ የጦርነቱን ቦታና ዘመኑን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን የገለበጠውን ይመልሳል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ዕውቀቱ ከደብተሩ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ይህን ጉድለት ለማረም ካለፈው ምዕት ዓመት ዋዜማ ጀምሮ ብዙ መምህራን ከሞከሯቸው መንገዶች አንዱ በዛሬው አጠራር «በፕሮጀክት መማር» የሚባለው ነው። ይኸውም ተማሪዎች አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዘው ለብዙ ሳምንታት እየመረመሩ፣ ሰው እየጠየቁና በእጃቸው እየሠሩ፣ በመጨረሻ የደረሱበትን ለሌላ ሰው የሚያቀርቡበት አካሄድ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም እኛን በቅርብ ይነካናል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን በኅብረተሰብ ትምህርት «ፕሮጀክት ሠርታችሁ አምጡ» ሲባሉ እንሰማለን። ከእነዚሁም አንዳንዱ ልጅ ወደ ኮምፒዩተር ቤት ይሄድና ሌላ ሰው የጻፈውን ወረቀት አሳትሞ፣ አስጠርዞ፣ በሽፋኑ ላይ ስሙን ጽፎ ያቀርባል። ማርክ ይሰጠዋል፤ ወረቀቱም ከቁም ሣጥን ይገባል። ይህ ሥራ የድሮውን ግልበጣ በአዲስ ስም ከመጥራት በቀር ምን ጨመረ? ይህን ለመመለስ አካሄዱ ከየት እንደ ተነሣ፣ ስለ ምንስ አንድ ጊዜ ሲወደስ አንድ ጊዜ ሲሻር እንደ ኖረ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ፕሮጀክት» የሚለው ቃል ወደ ትምህርት ዓለም የገባው በሕንፃ ሥራ ተማሪዎች በኩል ነው። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በሮማ የነበረው የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ፣ ኋላም በ1671 በፓሪስ የተቋቋመው የንጉሡ የሕንፃ ሥራ አካዳሚ፣ ተማሪዎቻቸውን በንድፍ ያወዳድሩ ነበር። ንድፉ በድንጋይና በኖራ የሚፈጸም አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪው የተማረውን ሁሉ አሰባስቦ እንደ እውነተኛ ባለሙያ እንዲያስብ ያስገድደው ነበር። በ1879 ካልቪን ውድዋርድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር በሴንት ሉዊስ ከተማ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሲከፍት ይህንኑ አሳብ ወደ ልጆች አወረደው። ልጆቹ አስቀድመው የመጋዝና የመሮ አያያዝ ይማራሉ፤ በትምህርቱ ፍጻሜ ራሳቸው ያቀዱትን ዕቃ ይሠራሉ። ከ1908 ጀምሮ ደግሞ ሩፈስ ስቲምሰን በማሳቹሴትስ ግዛት የገበሬ ልጆች በአባቶቻቸው መሬት ላይ ሰብል እየዘሩ፣ ከብት እያረቡ፣ ገቢና ወጪውንም በመዝገብ እየያዙ እንዲማሩ አደረገ።

ሦስቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሥራው ከዕውቀት አይለይም፤ ዕውቀቱም ከሥራው አይርቅም። በመጨረሻም ሥራውን አይቶ «ይህ ይቆማል፣ ይህ ይፈርሳል» የሚል ዳኛ አለ። ይህን ነገር አንባቢው ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ኋላ ስንመለስበት ይጠቅመናልና።

አሳቡን ወደ ታሪክ ትምህርት ካዛወሩት ሰዎች አንዱና ዋነኛው የፍልስፍና ሊቅ የነበረው ጆን ዲዊ ነው። ዲዊ በቺካጎ ዩኒቨርስቲ መምህር ሳለ በ1896 መጀመሪያ ላይ በ16 ልጆችና በ2 አስተማሪዎች አንድ ትንሽ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያ ልጆቹ ምግብ ያበስሉ፣ ጨርቅ ይሸምኑ፣ እንጨት ይጠርቡ ነበር። ለጊዜው ያያቸው እንግዳ ልጆቹ ለሙያ የሚዘጋጁ መስሎት ይሆናል። የዲዊ አሳብ ግን ሌላ ነው። ሰው ለመብል፣ ለልብስና ለመጠለያ ሲል የደከመው ድካም የታሪክ ታላቅ ክፍል ስለ ሆነ፣ ልጁ ያን ሥራ በትንሹ በእጁ ሲሞክር የቀደሙት ሰዎች ያጋጠማቸው ችግር ያጋጥመዋል፤ ችግሩ ጥያቄ ይወልዳል፤ ጥያቄውም ወደ መጽሐፍ ይመራዋል የሚል ነበረ።

ዲዊ ራሱ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱን እንጥቀስ። ለልጆቹ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር፣ የተልባ ተክልና ከነፍሬው የተለቀመ ጥጥ ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን ጥጡን ከፍሬው ለመለየት 30 ደቂቃ ሙሉ ደከመ፤ ያገኘው ንጹሕ ጥጥ ግን ከአንድ አውንስ፣ ማለት ከ28 ግራም ያነሰ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በእጁ ቢሠራ የሚለየው ጥጥ ግማሽ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ለማመን ማንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። አባቶቻቸው ከጥጥ ልብስ ይልቅ የሱፍ ልብስ ለምን ያዘወትሩ እንደ ነበረ በገዛ ጣታቸው ዐወቁት። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያሻም። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ እስኪያደርሱት ድረስ የሚፈጀውን ጊዜ በቤቱ ያየ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያች የግማሽ ሰዓት ድካም የሚነሣው ጥያቄ ግን ጨርቅን አልፎ ይሄዳል። በ1793 ኢላይ ዊትኒ የተባለ አሜሪካዊ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መኪና አበጀ። የእጅን ድካም ያቃለለ መኪና የባሪያውንም ሸክም ያቃልላል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጥጡን መለየት ሲቀል ጥጥ ማልማት ታላቅ ትርፍ ያለው ሥራ ሆነ፤ ለመዝራትና ለመልቀም ብዙ ክንድ ተፈለገ፤ ባርነትም በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ሥር ሰደደ። በ1790 በአገሪቱ ወደ 700,000 ይደርሱ የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4,000,000 ደረሱ። ይህን ቍጥር ከመጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ቍጥሩን ያውቃል። ጥጡን በጣቱ ለይቶ ከዚያ በኋላ ቍጥሩን ያነበበ ልጅ ግን «አንድ መኪና ሥራን ሲያቃልል የሰውን ቀንበር እንዴት አከበደ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የታሪክ ትምህርት ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ ፍሬ የለውም እንላለን።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በምን ኃይል እንደ ተፈጸመ መዘንጋት አይገባም። በ1902 የዲዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 140 ሲሆኑ አስተማሪዎቹ 23 ነበሩ፤ ለአንድ አስተማሪ የሚደርሱት ልጆች ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። አስተማሪዎቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ የሠሩትን ይመረምሩ፣ የሚቀጥለውን ያቅዱ ነበር። ጥጡ ለጨዋታ ሳይሆን በታወቀ ቦታ፣ ለታወቀ ጥያቄ የተመረጠ ነው። ዲዊ ከዩኒቨርስቲው አስተዳደር ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1904 ቺካጎን ለቅቆ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ ሙከራው በእርሱ እጅ የቆየው ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዝናው ግን ከሙከራው ይልቅ ሩቅ ተጓዘ።

በ1918 በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ ስለ ፕሮጀክት ዘዴ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ፕሮጀክት ማለት ልጁ በሙሉ ልቡ ፈልጎ የሚያከናውነው ማናቸውም ዓላማ ያለው ሥራ ነው ተባለ። አካሄዱም በአራት ደረጃ ተከፈለ፤ መፈለግ፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ መመዘን። ጽሑፉ ለማንበብ ቀላል፣ ለማስታወስም ምቹ ስለ ነበረ 60,000 ያህል ቅጂ ተሠራጨ። በአገሩ ሁሉ ያሉ አስተማሪዎችም ዘዴውን ያዙት።

ነገር ግን አንድ አሳብ በቀላሉ ሲሠራጭ ከባዱ ክፍሉ በመንገድ ላይ ይወድቃል። ልጁ ከፈለገው ማናቸውም ሥራ ፕሮጀክት ሊባል ከቻለ፣ ካርቶን መቍረጥም ሥዕል መለጠፍም ፕሮጀክት ነው። ዲዊ ራሱ በ1931 ይህን ነገር ነቅፎ ተናገረ። ፕሮጀክት የሚባሉት ሥራዎች ብዙዎቹ አጭርና ድንገተኛ መሆናቸውን፣ አንዱ ከሌላው ጋር አለመያያዙን፣ ዕውቀትንም ወደ ፊት የማያራምዱ መሆናቸውን አሳየ። የልጁ ፍላጎት የመንገዱ መነሻ ነው እንጂ መድረሻው አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ከሌለ ፍላጎት ብቻውን በመጀመሪያው ማዕዘን ይደክማል።

በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሶቪየት የትምህርት ሹሞች የትምህርት ዓይነቶችን አጥር አፍርሰው ልጆቹ በሥራና በኑሮ ዙሪያ እንዲማሩ አዘዙ፤ የፕሮጀክት ዘዴም ከውጭ ተወስዶ በሰፊው ተሞከረ። ልጆቹ ወደ ፋብሪካና ወደ እርሻ ወጡ። በ1931 ግን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ትምህርት ቤቶች በቂ አጠቃላይ ዕውቀት አልሰጡም፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡትም በሚገባ አልተዘጋጁም ብሎ ዘዴውን በውሳኔ ሻረ። በተከታዮቹ ዓመታት የትምህርት ዓይነቶች ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ አንድ ዓይነት መማሪያ መጽሐፍና በሰዓት የተወሰነ ትምህርትም ጸና። ዘዴው በትእዛዝ እንደ ገባ በትእዛዝ ወጣ። በሁለቱም ጊዜ አስተማሪው የታዘዘውን ፈጻሚ እንጂ አሳቢ ሆኖ አልተቈጠረም።

አሁን ደግሞ ማንም ሳያዝዘው የጀመረ አንድ የገጠር አስተማሪ እንመልከት። ሴለስተን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ቆስሎ ተመለሰ። በ1920 በፈረንሳይ ደቡብ፣ ባር ሱር ሉፕ በምትባል መንደር አስተማሪ ሆነ። ቁስሉ ረዥም ሰዓት ጮኾ እንዳያስተምር ስለ ከለከለው ልጆቹን ይዞ ወደ መስክ፣ ወደ ሸማኔውና ወደ አናጢው ቤት ይወጣ ጀመር። ሲመለሱ ያዩትን ይጽፋሉ። በ1924 አንዲት ትንሽ የማተሚያ መኪና ገዛ፤ ልጆቹም ከጻፉት ውስጥ የመረጡትን ፊደል በፊደል ለቅመው ያትሙ ጀመር። ከ1926 አንሥቶ ደግሞ በሌላው የአገሩ ጫፍ፣ በብረታኝ ጠረፍ በትሬገንክ ካሉ ተማሪዎች ጋር የታተመ ገጽና ከየአካባቢያቸው የተገኘ ነገር ይለዋወጡ ነበር።

የዚህ ነገር ትልቅነት ከመኪናው አይደለም። ልጁ ሲጽፍ የሚያነበው ሰው ማርክ የሚሰጠው አስተማሪ ብቻ መሆኑ ቀረ። ያገሩን ኑሮ የማያውቅ፣ ማወቅ የሚፈልግና ያልገባውን መልሶ የሚጠይቅ እውነተኛ አንባቢ በሩቅ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ስሕተት እንዳይታተምበት ይጠነቀቃል፤ የማያውቀውን ሽማግሌ ይጠይቃል። በሮማና በፓሪስ ለንድፍ ተማሪዎች የነበረው ዳኛ ለመንደር ልጆች በደብዳቤ መጣላቸው ማለት ነው። ፍሬኔ ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ወደ ሴን ፖል ከተዛወረ በኋላ ልጆቹ የጻፉት ጽሑፍ ለክስ ምክንያት ሆኖ ብዙ ጠብ ተነሣ፤ በ1933 ከዚያ ትምህርት ቤት እንዲነሣ ተደረገ። እርሱም በ1935 በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1966 ድረስ በአሳቡ ጸና። በብዙ አገር ያሉ አስተማሪዎችም ከእርሱ ተማሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ አንባቢ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈተናስ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላጅም የሹምም ዋና ሥጋት ይህ ነውና። በአሜሪካ ከ1933 እስከ 1941 «የስምንት ዓመት ጥናት» የተባለው ምርመራ የተካሄደው ይህንኑ ለመመለስ ነበረ። 30 ያህል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት አሰጣጣቸውን እንደ ወደዱ እንዲለውጡ ተፈቀደላቸው። ከ300 የማያንሱ ኮሌጆችም የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ያለ ተለመደው የመግቢያ ሕግ ለመቀበል ተስማሙ። ከትምህርት ቤቶቹም አንዳንዶቹ ቋንቋን፣ ታሪክንና የኅብረተሰብ ትምህርትን አዋሕደው በአንድ ሰፊ ጥያቄ ዙሪያ ያስተምሩ ነበር። በመጨረሻም ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ 1,475 ተማሪዎች ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጡ፣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በችሎታና በኑሮ ሁኔታ ከሚመሳሰሏቸው ጋር አንድ ባንድ ተጣምረው በኮሌጅ ተመዘኑ። ውጤቱ በ1942 ሲታተም አዲሶቹ ከነባሮቹ እንዳላነሱ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደ በለጡ ታየ። አሠራራቸውን ከሁሉ ይልቅ ከለወጡት ትምህርት ቤቶች የመጡት ደግሞ ብልጫቸው የጎላ ነበረ። ነገር ግን ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አላዳመጠውም።

በቅርቡም፣ በ2021፣ በዚያው አገር የወጣ ጥናት ከዚህ ጋር ይስማማል። የመንግሥት አስተዳደርንና የአካባቢ ሳይንስን በፕሮጀክት የተማሩ ተማሪዎች ለኮሌጅ በሚያገለግለው ፈተና የማለፍ ዕድላቸው በተለመደው መንገድ ከተማሩት በ8 በመቶ ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ። ነገር ግን የእነዚህ ተማሪዎች መምህራን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥርዐተ ትምህርት እንደ ተሰጣቸው፣ ለሥራውም ልዩ ሥልጠናና ርዳታ እንዳገኙ መታወቅ አለበት። እንግዲህ የተፈተነው ዘዴው ብቻ ሳይሆን የተደገፈ አስተማሪ ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ፕሮጀክት የሚያስተምረው ሥራው ብቻ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ሲኖረው ነው። የዲዊ ልጆች ጥጡን ባይለዩ ኖሮ የማያውቁት ነገር ነበረ። የፍሬኔ ልጆች ሸማኔውን ባይጠይቁ ኖሮ የሚጽፉት አይኖራቸውም ነበር። ከኮምፒዩተር ቤት ታትሞ የሚመጣው ወረቀት ግን ልጁ ባይሠራውም ያው ወረቀት ነው። ጥፋቱም የልጁ ብቻ አይደለም። «ስለ ኢትዮጵያ ባቡር ሐዲድ ፕሮጀክት ሥራ» ተብሎ የታዘዘ ልጅ ከመገልበጥ በቀር ምን ያደርጋል?

ትእዛዙ ጥያቄ ሆኖ ቢመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የድሬዳዋ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች «ሐዲዱ ጥንታዊቱን ሐረርን ትቶ ከእኛ ቦታ ለምን አለፈ? በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉት ከዚራና መጋላ የመንገዳቸው አሠራር ለምን ተለያየ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ መልሱን ለማግኘት የደጋውን አቀበት በካርታ ላይ መለካት፣ በእግራቸው መንገዱን መዞር፣ በባቡር መሥሪያ ቤት ያረጁትን ጡረተኞች መጠየቅ፣ የሰሙትንም ከመጽሐፉ ጋር ማመዛዘን ይኖርባቸዋል። የጻፉትን ደግሞ በሌላ ከተማ ላሉ ተማሪዎች ቢልኩት እውነተኛ አንባቢ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም ባለ ኮምፒዩተር አትሞ ሊሸጥላቸው አይችልም።

ይህ አካሄድ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ ነው ማለትም አይቻልም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ከተማረ በኋላ ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ተማረ አይባልም፤ አዲስ ቈጥሮ ማቅረብ አለበት፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናዋል። አስቀድሞ ዕውቀት፣ ቀጥሎ የራስ ሥራ፣ በመጨረሻም የሚያውቅ ዳኛ፤ ይህ ሥርዐት በቀድሞ አባቶቻችን ዘንድም የታወቀ ነበረ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጆች ይዞ ለሚያስተምር መምህር ግን ዓመቱን ሙሉ በፕሮጀክት አስተምር ማለት የማይቻለውን መጠየቅ ነው። የንባብም፣ የገለጻም፣ የቃል ጥናትም ቦታ አለ፤ ያለ እነርሱ ልጁ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንኳ አያገኝም። በዓመት አንድ ጊዜ በደንብ የታሰበ፣ ጊዜ የተሰጠውና አንባቢ ያለው አንድ ፕሮጀክት፣ በየወሩ ከሚሰበሰብ የተጠረዘ ወረቀት ይበልጣል።

ለሹማምንትም የምናቀርበው አሳብ አለን። ይህ አካሄድ በሰርኩላር የሚተከል ነገር አይደለም። በሰርኩላር ብቻ የታዘዘ ፕሮጀክት በቍጥር ይመለሳል፤ ስንት ተሠራ፣ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ማርክ ተያዘ ተብሎ። አስተማሪው የአካባቢውን ታሪክ የሚያጠናበት ጊዜ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር የሚመካከርበት ስብሰባ፣ ልጆቹን ይዞ የሚወጣበት ፈቃድ ቢያገኝ ግን ጥያቄውን ራሱ ያገኘዋል። ተማሪው ደግሞ አስተማሪው ራሱ መልሱን ለማወቅ የሚጓጓበትን ጥያቄ ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ እጁንም የሚዘረጋው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።